አፍንጫ የሚኮረኩር ውሃ

ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ «ጋዝ ያለው ውሃ ስጠኝ» ስትሉ ባለሱቁ መልሶ የሚጠይቃችሁን ታውቁታላችሁ። «በሎሚ ነው? በብርቱካን? በአናናስ? በእንጆሪ?» ይላል። እኔ በዚህ ጥያቄ ፊት ሁልጊዜ ፈዝዤ እቀራለሁ። ባለሱቁ ምርጫ የቸገረኝ ይመስለዋል። ከኋላዬ የቆመው ሰው ደግሞ «ሽማግሌው መነጽራቸውን ረስተው ነው» ብሎ ያዝንልኛል። ነገሩ ሌላ ነው። ሎሚና ጋዝ በአንድ ላይ ሲጠሩ እኔ ሱቁ ውስጥ የለሁም። ጣና ዳር፣ ተሠርቶ ያላለቀ ታንኳ ውስጥ፣ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ተከምሮብኝ በጀርባዬ ተኝቼ በደንገሉ መሐል ሰማይ እያየሁ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ከደሴ መጥቼ ባሕር ዳር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ሆኛለሁ። ሹም አቦ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣና ላይ ጉም ይተኛል፤ ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ከተማዋ ያለች አትመስልም። የዘንባባዎቹ ጫፍ ብቻ ከላይ ብቅ ይላል። ከጉሙ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ ይሰማል፤ ቀዛፊው ግን አይታይም። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ደግሞ ድሮም ተቀምጬ የምጠፋ ሰው ነኝ። ፎርማናችን ጋሽ በላይነህ፣ የጎጃም ሰው ናቸው፣ «አንተን ማሽን ላይ ካስቀመጥሁ አንተን የሚጠብቅ ሌላ ሰው መመደብ አለብኝ» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማውን የጋዝ ውሃ ፍቅር ያዘው። ቀድሞ ጋዝ ያለው ውሃ የሆቴል እንግዳ መጠጥና የጥሬ ሥጋ ማወራረጃ ነበር። ከዚያ አንድ የሹም አቦ ባለኪዮስክ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ብርጭቆው ውስጥ የዘጌ ሎሚ ጨመቀበት፤ ስኳርም ጣል አደረገበት። ብዙም ሳይቆይ ኪዮስኩ ፊት ሰልፍ ቆመ። ማዶ ያለው ባለኪዮስክ ቀናና የብርቱካን ሽሮፕ አመጣ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የሎሚ ሰዎችና የብርቱካን ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለ። እንግዳ ጠርታ የጋዝ ውሃ ያላቀረበች የቤት እመቤት፣ እንግዶቿ በሩን ሳይወጡ ማማት ይጀምሯታል። ጎረምሶች ጠርሙሱን በአንገቱ አንጠልጥለው ጣና ዳር ይንሸራሸራሉ፤ ውስጡ ጠብታ እንኳ የለም፤ ጠርሙሱ ግን ከእጃቸው አይወርድም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ «ይህ የንዑስ ከበርቴ አምሮት ነው!» ብለው አወገዙት። ስብሰባው ሲበተን ግን ከካፖርታቸው ሥር ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ ይሰማ ነበር።

ጠርሙስ ካልኩ አይቀር፣ የዚያን ዘመን ሕግ ለማያውቅ ልንገረው። ባዶ ጠርሙስ ያላመጣ ሰው ሙሉ ጠርሙስ አይሸጥለትም። ባዶውን ለማግኘት ደግሞ ቀድሞ ሙሉውን መግዛት አለበት። የመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያዋን ጠርሙስ እንዴት እንዳገኛት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፋብሪካ ውስጥ ይህን ሳሰላስል ሁለት ጊዜ ክር በጥሻለሁ።

እኔ የሎሚ ሰው ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ እቀመጥና ጣና በሙሉ የጋዝ ውሃ ቢሆንስ ብዬ አስባለሁ። ሎሚውን ከዘጌ በታንኳ እያመጡ ከዳር ይጨምቁበታል። ከሥር አረፋው ይነሣል፤ ታንኳዎቹ ሳይቀዘፉ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ዓሦቹ ያነጥሳሉ። ያ ትልቅ አፍ ያለው፣ ይብራ የሚሉት የሐይቅ ወፍ ውሃውን ጎንጨት ብሎ፣ ደንግጦ፣ በክንፉ አፉን ሲሸፍን ይታየኛል። እንዲህ እያልኩ ይመሻል፤ ትንኝ ነክሶኝ እነሣለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፈትል ክፍል የምትሠራ ጦይባ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ አባ እንድሪስ ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ሠሪ ናቸው። ጦይባ ስትስቅ መዳፏን አፏ ላይ ትጭናለች፤ ሳቁ በዓይኗ ብቻ ይወጣል። ለምን እንደምትሸፍነው አንድ ቀን ጠየቅኳት። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን አይሳቅም። ለመድሁት» አለችኝ። እኔ ያን ቀን ማሽን ልጠግን ሄጄ የደህናውን ማሽን ብሎን ፈታሁ። እወዳት ነበር፤ ሌላ ምን ልበላችሁ?

እሷም አልጠላችኝም። አንድ ዓርብ የፋብሪካው በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ በዚህ እሁድ ላክ» አለች። «ከዚያ በሚቀጥለው እሁድ የቁንዝላው ሰውዬ ይልካል።»

«የቱ የቁንዝላ ሰውዬ?»

«ነጋዴው ነዋ! የሐይቁ ማዶው፣ ባለሞተር ጀልባው። ለአባዬ የጋዝ ውሃ በሳጥን ይዤ እመጣለሁ ብሏል አሉ።»

ሳጥን! እኔ አንድ ጠርሙስ ለማግኘት እሰለፋለሁ፤ ሰውየው በሳጥን ይናገራል። ጦይባ እንደነገረችኝ፣ አባ እንድሪስ አንድ ጊዜ ወደ ደሴቶቹ በታንኳ ያሻገሩት እንግዳ ከራሱ ጠርሙስ የሎሚ የጋዝ ውሃ አስጎንጭቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው እሱ ነው። «አፍንጫ የሚኮረኩር ውሃ» ብለው ነው የሚጠሩት። ሐይቅ ላይ ኖረው ውሃ ብርቅ የሆነባቸው ሰው እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ወደ ኪዮስኩ ሮጥኩ። ባዶ ነው። ማዶውም ባዶ ነው። የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል ተባለ። የሎሚ ሰዎችና የብርቱካን ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አብረው ይተክዛሉ። ሐዘን ሲመጣ እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚታረቅ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መካኒክ አይደለሁ? ጋዝ ማለት አየር ነው። አየርን ውሃ ውስጥ ማስገባት እንዴት ያቅተኛል? አከራዬ እትዬ ወርቄ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው። ጓዳቸው ውስጥ ባዶ የጉሉኮስ ጠርሙስ ሞልቷል፤ ዘይቱም፣ ላምባውም፣ ቅቤውም የሚቀመጠው በእሱ ነው። ወፍራም ጠርሙስ ነው፤ የጎማ ውታፍ አለው። አዲስ ታጥቦ የደረቀ አንድ ጠርሙስ ለመንኳቸው። ለጨጓራ የሚበጠበጠውን ሶዳም ጨመሩልኝ።

«ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ሚስት ላገባበት ነው» አልኳቸው።

«ጨጓራህን ነው እንጂ ልብህን አያክምም» ብለው እየሳቁ ገቡ።

የዘጌ ሎሚ ጨመቅሁ። ከቀበሌ ሸማቾች ያገኘሁትን ስኳር ያለ ርኅራኄ ገለበጥኩበት። ሶዳውን ጨምሬ ውታፉን ደፈንኩት። ወዲያው ጠርሙሱ ውስጥ ሕይወት ተፈጠረ። አረፋው ከታች ይነሣል፣ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ሌላው ይተካል። ጣና በእጄ ገባ። ፊቴን አስጠግቼ ስመለከት ውታፉ ጆሮዬን አልፎ ሄደና የአቡጀዴውን ኮርኒስ መታው። ከላይ ያሉት አይጦች ነቅተው ኳስ የሚጫወቱ ይመስል ከዳር እስከ ዳር ሮጡ። እኔ ግን ተደሰትኩ። ጉድለቱ የውታፉ ነው እንጂ የውሃው አይደለም። እሁድ ጠዋት እንደገና በጠበጥኩና ውታፉን በጥጥ ክር ዙሪያውን ጠምጥሜ፣ አንገቱ ላይ አቋልፌ ቋጠርኩት። ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ምን ቢያጣ ክር አያጣም።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ናቸው። አንዱ የሰፈራችን ሐጂ የሱፍ፣ ሁለተኛው ጋሽ በላይነህ። ጠርሙሱን ማን ይያዘው ሲባል ሐጂ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፤ «ያንሾካሽካል» አሉ። ጋሽ በላይነህ ደግሞ በእጃቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ እጃቸው ሰማይና ምድር ይነካል። ስለዚህ እስከ አጥሩ ድረስ እኔው ልይዘው ሆነ። ሽማግሌ ሲላክ አግቢው በዚያ ሰፈር መታየቱ ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ። ለጦይባ በጓሮ በኩል አቀብዬ እንድሰወር ተስማማን።

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሄዱ። እኔ ፀሐይ እንዳያገኘው ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ በክንዴ ታቅፌ ቀስ እያልኩ ተከተልኩ። ምን እንደያዝኩ አሁን አስቡት። እኔ የሎሚ ውሃ ይዣለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ ግን ያየው ጉሉኮስ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ማን ታመመ?» አሉ አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት።

ምን ልበል? ልጅ ላስጠይቅ ነው ልበል? «ኧረ ማንም» አልኩ በዝግታ፤ ውሃው እንዳይናወጥ ትንፋሼንም እየቆጠብኩ ነበር።

እንጨታቸውን አወረዱ። «ደበቀኝ» አሉ ከኋላ ለሚመጡት። «ድምፁም አይወጣ። ከባድ ነው።»

ከዚያ ወዲያ «አላህ ያሽረው» የሚለኝ፣ «እግዜር ይማርልህ» የሚለኝ በዛ። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን ማለት ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ደግሞ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል፤ ጠርሙሱ ክንዴ ላይ ቀስ እያለ ያንሾካሽካል፤ ሰው ሁሉ ይመርቀኛል። ከተማው ጉዳዬን አውቆ የመረቀኝ መሰለኝ። ወሬው በየት በኩል ቀድሞኝ እንደሄደ አላየሁም። «አባ እንድሪስ ቤት ጉሉኮስ ገባ» ተብሏል።

ጦይባ በጓሮ ተቀበለችኝ። «ቶሎ ሂድ» ብላ ዞር ስትል መንገዱ ላይ ሰው ተግተልትሎ ሲመጣ አየች። የሚያስወጣ መንገድ የለም። አባቷ ሠርተው ያልጨረሱት ታንኳ አጥሩ ሥር ተንጋሎ ነበር። «ግባ!» አለችኝ። ገባሁ። የተረፈውን ደንገል አንሥታ ከላዬ ደረደረችብኝና ጠርሙሱን ይዛ ሄደች።

ወገኖቼ፣ ደንገል ውስጥ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ የደረቀ፣ ግማሹ ያልደረቀ፣ የሐይቅ ሽታ ያለው ነው። በመሐሉ ሰማዩ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ ይታያል። ታንኳው መሬት ላይ ነው፤ እኔ ግን ተንሳፈፍኩ። ከጦይባ ጋር ወደ ደሴቶቹ ስንሄድ፣ በየወደቡ የጋዝ ውሃችንን ስንሸጥ፣ የቁንዝላው ሰው እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ «እባክህ አንድ በሎሚ» ሲለኝ ታየኝ። «ባዶ ጠርሙስ ይዘሃል?» እለዋለሁ። አዘንኩለትና በነፃ ሰጠሁት።

ግቢው ውስጥ የሚሆነውን የምሰማው በዚህ ሕልም መሐል ነው። በደንገሉ ቀዳዳም ጥቂት ጥቂት ይታየኛል።

«ቁጭ በሉ እንጂ» ይላሉ አባ እንድሪስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ወንድሜ እንድሪስ» ይላሉ ሐጂ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ጠርሙሱ ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይም ቀስ ብላ ወደ መደቡ እየመጣች ነው።

በዚህ መሐል ታማሚ ጠያቂዎቹ ገቡ። መጀመሪያ እንጨት የተሸከሙት እናት፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ገብተው ምን አዩ? ጉሉኮሱ ለብቻው ተቀምጧል፤ ታማሚ የለም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጉሉኮሱ ሳይደርስለት ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። እነሱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። የሚቀጥለው የገባም፣ ሰው ቆሞ ሲያይ ይቆማል። ግቢው ሞላ። የሚቀመጥ የለም፤ የሚናገር የለም። አንዲት አሮጊት አፍንጫቸውን መጥረግ ጀመሩ።

አባ እንድሪስ ቀስ ብለው ዙሪያቸውን አዩ። ሽማግሌ መጥቶ ቆሟል፤ ጎረቤት መጥቶ ቆሟል፤ እሳቸው የሚያውቁት ወግ አንድ ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ ሰው ሽማግሌ ነው?» አሉ።

ጋሽ በላይነህ ሕዝቡን ዞረው አዩና ግራ ተጋቡ። «እኔ ከሐጂ ጋር ነው የመጣሁ» አሉ።

«አንድ ልጅ ለመጠየቅ መንደሩን በሙሉ አስከተላችሁብኝ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «እምቢ እንዳልል ነው? በሰው ብዛት ልጄን ልትወስዱብኝ ነው?»

«ኧረ በአላህ፣ እኛ አልጠራናቸውም» አሉ ሐጂ።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ማልቀስም ያጽናናል፤ አልቅስ» አሉ አሮጊቷ።

«ለምን አለቅሳለሁ!» አሉ አባ እንድሪስ። ተቆጥተዋል። «በሉ፣ ስሙ። የቁንዝላዎቹን ሳልሰማ መልስ የለኝም። ስጦታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ!»

ይህንን ስሰማ ሕልሜ ሁሉ ተገለበጠ። ጦይባ ወደ ቁንዝላ በሞተር ጀልባ ስትሄድ፣ እኔም ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ጭሱን ሳይ ታየኝ። እንዲህ ያለ ሐዘን ከዚያ በፊት አላውቅም። ልነሣ አልችል፣ ልናገር አልችል። በቀዳዳው ሳይ አባ እንድሪስ ጠርሙሱን ከመደቡ ላይ በንዴት መንጭቀው አነሡት፤ ወደ ጋሽ በላይነህም ዘረጉት። ጋሽ በላይነህ አልቀበልም ብለው ይገፋሉ፤ አባ እንድሪስ ይገፋሉ። ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። «አትነቅንቁት!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ደንገል ገባበት።

ዷ!

ያን ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል። ተኩስ ሲሰማ መሬት ላይ መዘርጋት የሚያስተምር አያስፈልግም ነበር። ግቢው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተኛ። ጠያቂው ተኛ፣ ሽማግሌው ተኛ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ያሉት ሐጂ በሆዳቸው ተኙ። ቆመው የቀሩት አባ እንድሪስ ብቻ ናቸው። ጠርሙሱ በእጃቸው ነው፤ አረፋው ከአፉ ይወርዳል፤ ጢማቸው ላይ የሎሚ ፍሬ ተለጥፏል።

ወዲያው የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በሩን በርግደው ገቡ። አለቃቸው ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ጠመንጃ ታቅፏል።

«ማነው የተኮሰው?»

አባ እንድሪስ ጠርሙሱን አሳዩት።

«አባ፣ አይቀልዱ። ጉሉኮስ አይተኩስም። ማን ነው የተኮሰው?»

ይህን ጊዜ አፌ ውስጥ የገባው ደንገል አስነጠሰኝ። ያጠፋኝ እሱ ነው። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ታንኳው ዞረ።

«ውጣ! እጅህን ወደ ላይ!»

ወጣሁ። ደንገሉ ፀጉሬ ላይ ቆሟል፣ ኮሌታዬ ውስጥ ገብቷል፣ ከኪሴም ይወጣል። ያን ያህል ሰው መሬት ላይ ተኝቶ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

«ማነህ?»

«የፋብሪካ ሠራተኛ።»

«ታንኳ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ «ሰማይ አያለሁ» አልኩት።

ጓዱ ለጓደኞቹ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። «ይህን ሰው የሚያውቀው ማነው?» አለ። «የሚያውቀው ከሌለ እንወስደዋለን።»

ሐጂ የሱፍን አየኋቸው፤ አፈሩን እያዩ ነው። ምን ያድርጉ? አግቢው ግቢ ውስጥ ተደብቆ ነበር ቢሉ ወጉን ማዋረድ ነው። ጋሽ በላይነህ፣ በየቀኑ የሚቆጡኝ ፎርማኔ፣ ከፊታቸው የተኛውን ሰው ጫማ እንደ አዲስ ይመረምራሉ። በዚያ ዘመን መወሰድ ማለት ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ አለማወቅ ነው። የሎሚ ውሃ ብዬ ተነሥቼ የት ደረስኩ አልኩ።

ያኔ ነው ሳቁ የተሰማው።

ጦይባ በሩ ላይ ቆማለች። መዳፏ አፏ ላይ ነው። እኔን ታያለች፤ ደንገሉን፣ ወደ ላይ የተዘረጋውን እጄን፣ የሚንጠባጠበውን የአባቷን ጢም፣ በሆዳቸው የተኙትን ሐጂ ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መዳፏን ጫነች፣ ሁለተኛውን መዳፍ ጨመረች፤ አልሆነም። ሁለቱንም ለቀቀቻቸውና ሳቀች። ከሆዷ፣ እንባዋ እየወረደ፣ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። ያን ሳቅ ሙሉውን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ጠመንጃው ደረቴ ላይ ሆኖ ደስ አለኝ።

አባ እንድሪስ ወደ እሷ ዞሩ። እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ወደ ጓዱ ዞረው፣

«አማቼ ነው» አሉ።

«አማችዎ?»

«አዎ፣ የልጄ ባል። ምነው?»

«አማችዎ ከሆነ ታንኳ ውስጥ ምን ያስደብቀዋል?»

«አማች አማቱን ያፍራል!» አሉ አባ እንድሪስ በቁጣ። «እናንተ አገር አያፍርም? ሰው ሲበዛበት አፈረና ተደበቀ። የት ይግባ?»

ጓዱም ወግ ያለው አገር ልጅ ነው፤ በእነሱም አገር አማች ያፍራል። ለደንቡ ያህል ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተ፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ። «ሳሙና ነው» አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና ተጎነጨ። «በሎሚ ነው ግን» አለና ጠመንጃውን አነገተ።

መሬት ላይ የነበረው ሰው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ጠያቂዎቹ ማንም እንዳልታመመ ሲገባቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። የጋዝ ውሃ መሆኑን ሲሰሙ ግን አንዱም አልሄደም። ከየቤቱ ኩባያ ይዘው ተሰለፉ። የተረፈው ለእያንዳንዱ ጠብታ ጠብታ ደረሰ። እንጨት የተሸከሙት እናት ቀምሰው «ይኼማ የሚያሳምም እንጂ የሚያድን አይደለም» አሉና ኩባያቸውን እንደገና ዘረጉ። ሐጂ የሱፍ በመጨረሻ ተቀመጡ። ጋሽ በላይነህ ደግሞ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም፤ ቆሜ ጀመርሁ፣ ተኝቼ ጨረስሁ» እያሉ በሁለት እጃቸው ለሚያዳምጣቸው ሁሉ ይተርካሉ።

የቁንዝላው ሰው ሽማግሌ መላኩን ተወው። ለሰርጋችን ግን፣ አላህ ይስጠው፣ አንድ ሳጥን የጋዝ ውሃ በሞተር ጀልባው ላከልን። አብሮ የላከው መልእክት አጭር ነበር፤ «ባዶውን መልሱ» ይላል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አማቴ ሸምገል ብለው ሳሉ፣ እኔና እሳቸው በታንኳ ሐይቁ ላይ ነበርን። ጉሙ ገና አልተገለጠም። ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ያን ቀን እምቢ ብለው ነበር። አማቼ ነው ያሉት ለምንድነው? አዝነውልኝ ነው?»

መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ላንተስ አላዘንሁም» አሉ። «አንተን መች አወቅሁህና? ልጅቱ ሳቀች። እናቷ እንዲህ ነበር የምትስቅ። ከሞተች ወዲህ ያን ሳቅ ከቤቴ አልሰማሁም። ታዲያ ያን ሳቅ ያመጣልኝን ሰው ለአብዮት ጥበቃ ልስጥ?»

ከዚያም መቅዘፊያውን አንሥተው፣ «ውሃህ ግን አይጠጣም ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ባለሱቁ «በምንድነው?» ሲለኝ የምፈዘው ለዚህ ነው። ቆይቼ «በሎሚ» እለውና ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ። ጦይባ ክዳኑን ስትከፍት ጋዙ ይንሾካሾካል፤ እሷ ቀና ብላ ታየኝና ትስቃለች። መዳፏ ክዳኑን እንደያዘ ነው።